ከማንያታ ወጥቶ የመጀመሪያ የነርስነት ሥራ መያዝ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ሞያሌ ውስጥ፣ በተለይም በሄሉ ማንያታ ዋርድ፣ በብዙ ቤት የሚነሳ ጥያቄ ይዟል። ልጅቷ ነርሲንግ ተምራ ጨርሳለች። የኬንያ ነርሲንግ ካውንስልን ፈተና አልፋ የሥራ ፈቃዷን ይዛለች። ማርሳቢት ካውንቲ ግን ቅጥር አላወጣም፤ ሲያወጣም የሚፈለገው ሰው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። እናት ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ልጅቷም ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። በዝግጅቱ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ጥበቃ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ቀደም ባለው ጊዜ ኬንያ ውስጥ ነርስን የሚቀጥረውም የሚመድበውም ናይሮቢ ያለው የጤና ሚኒስቴር ነበር። ከሞያሌ የሄደው ኪሲ ይመደባል፣ ከኪሲ የመጣው ማርሳቢት ይላካል። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሀገሪቱን በ47 ካውንቲዎች አዋቀረ። በ2013 ካውንቲዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ሆስፒታሉም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የነርሶቹም ቅጥር ወደ እነሱ ዞረ። ዛሬ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱ የፐብሊክ ሰርቪስ ቦርድ አለው። ማስታወቂያ የሚያወጣውም፣ ለቃለ መጠይቅ የሚጠራውም፣ የሚቀጥረውም ይኸው ቦርድ ነው። ጠርቶ የሚመድብ መሥሪያ ቤት ስለሌለ፣ የማርሳቢትን ማስታወቂያ ብቻ የሚጠብቅ አዲስ ተመራቂ ከ47 በር አንዱን ብቻ እያየ ነው።

ማንያታ ውስጥ «ሌላ ካውንቲ ያለ ዘመድ ማን ያስገባሃል?» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። አባባሉ ባዶ አይደለም። የብሔራዊ መተሳሰርና ውህደት ኮሚሽን ያደረገው ኦዲት አብዛኞቹ ካውንቲዎች ሠራተኛ ሲቀጥሩ የአካባቢውን ብዙኃን ማኅበረሰብ ልጆች ከሕጉ በላይ እንዳስቀደሙ አሳይቷል። ይሁንና ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል የሚያውቅ ተመራቂ ጥቂት ነው። በ2012 የወጣው የካውንቲ መንግሥታት ሕግ አንቀጽ 65፣ በመነሻ ደረጃ ከሚከፈቱ የሥራ ቦታዎች ቢያንስ 30 በመቶው በካውንቲው ውስጥ ብዙኃን ካልሆኑ ማኅበረሰቦች በመጡ አመልካቾች እንዲሞላ ይላል። መነሻ ደረጃ ማለት ደግሞ አዲስ ነርስ የሚገባበት ደረጃ ነው። ከቡርጂ፣ ከቦረና፣ ከገብራ ወይም ከጋሪ ቤት የወጣ ልጅ ሜሩ ወይም ናኩሩ ላይ ሲያመለክት ልመና የሄደ ሊመስለው አይገባም። ሕጉ ቦታ አስቀምጦለታል። ቦርዱ ሕጉን ካላከበረ ጥፋቱ የቦርዱ ነው። ያላመለከተ ሰው ግን ቅሬታ እንኳ ማቅረብ አይችልም።

በአንድ ነገር የኬንያ ተመራቂ ዕድለኛ ነው። የነርሲንግ ካውንስሉ ፈቃድ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ ያገለግላል፤ ካውንቲ ስለተቀየረ እንደገና የሚፈተን የለም። አሜሪካን ብንወስድ ፈተናው በሀገር ደረጃ አንድ ቢሆንም ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። አንድ ግዛት ተምሮ ሌላው ግዛት ሥራ ያገኘ አዲስ ነርስ በወረቀት ብቻ ሳምንታት ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ለማቃለል በ2000 የተወሰኑ ግዛቶች አንዱ የሰጠውን ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል የጋራ ስምምነት ጀመሩ፤ ዛሬ ስምምነቱን የተቀበሉት ከ40 በላይ ደርሰዋል። ኬንያውያን ነርሶች ይህን መብት ከመጀመሪያው በእጃቸው ይዘውታል።

የሞያሌ ሰው ግን የሚኖረው ድንበር ላይ ነው። የጋራው የድንበር ኬላ በታኅሣሥ 2020 ከተመረቀ ወዲህ ለተጓዡም ለጭነቱም መሻገር ቀሏል። የሙያ ፈቃድ ግን አብሮ አይሻገርም። ዲላ፣ ሐዋሳ ወይም ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ተምሮ የተመለሰ የማንያታ ልጅ በኬንያ ሆስፒታል ከመቀጠሩ በፊት ትምህርቱን ለኬንያ ነርሲንግ ካውንስል አቅርቦ ማስመዘንና የካውንስሉን መስፈርት ማሟላት ይጠበቅበታል። በኢትዮጵያ በኩልም እንዲሁ ነው፤ ለጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ከ2019 ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ይሰጣል። አክስቱ ማዶ ስላለች ብቻ ማዶ ሆስፒታል ገብቶ የሚሠራ የለም። ኢትዮጵያ ለመማር ያሰበ ልጅ ይህን ከመመዝገቡ በፊት ቢጠይቅ፣ ከምረቃ በኋላ ከሚመጣ የብዙ ወራት መጉላላት ይድናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የካውንቲ ቦርዶችና ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚጠይቋቸው ሰነዶች ተቀራራቢ ናቸው፦ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት፣ የነርሲንግ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ፣ የካውንስሉ ምዝገባና ያልተቃጠለ የሥራ ፈቃድ፣ የግብር ቁጥር፣ ከፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል በጣት አሻራ የሚገኘው የመልካም ሥነ ምግባር ወረቀት፣ ከከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ የሚወጣ ማረጋገጫ፣ አንዳንዴም የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ቅጽ። በዲግሪ የተመረቀ ከሆነ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ መጨረሱም ይጠየቃል። ዝርዝሩ አስፈሪ ይመስላል እንጂ አንዴ ተሰብስቦ ስካን ከተደረገ ለ47ቱም ካውንቲዎች ያገለግላል። ችግሩ መሰብሰቡን ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መጀመር ነው። ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ የጣት አሻራው ወረቀት ብቻውን ያንን ጊዜ ሊበላው ይችላል።

ለሰሜኑ ልጅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የመታወቂያ ጉዳይ አለ። የድንበር ካውንቲ ወጣቶች መታወቂያ ለማውጣት በኮሚቴ ፊት ቀርበው ኬንያዊነታቸውን እንዲያስረዱ የሚደረግበት ማጣራት ለአሥርተ ዓመታት ሲያስለቅስ ኖሯል። መታወቂያ የዘገየበት ወጣት የግብር ቁጥሩም፣ የመልካም ሥነ ምግባር ወረቀቱም፣ ሌላውም ይዘገይበታል። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በፌብሩዋሪ 2025 ዋጂር ላይ ይህ የተለየ ማጣራት እንዲቀር የሚያዘውን ሰነድ ፈርመዋል። ከዚያ በፊት የተቋረጠ ጉዳይ ያለበት ሰው እንደገና ቢሞክር መልካም ነው።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ስም! ሞያሌ ላይ የአንድ ልጅ ስም በትምህርት ቤት፣ በመታወቂያና በኮሌጅ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። «ጃርሶ» በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ «ኤ»፣ በሌላው በሁለት «ኤ» ነው። «ገልገሎ» አንዴ በአንድ «ኤል»፣ አንዴ በሁለት። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ይህንን የሞያሌ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ ኤምቡ የተቀመጠ የቦርድ ጸሐፊ ግን ሦስት ሰው ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ቀላልም ርካሽም ነው፤ ወረቀቶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን በመሐላ የሚያረጋግጥ ሰነድ በጠበቃ ወይም በፍርድ ቤት ማስጻፍና ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ። ሥራው ከመገኘቱ በፊት ዛሬ ቢደረግ ይሻላል።

ታዲያ የት ይመልከቱ? የመንግሥት ማስታወቂያዎች ማክሰኞ ማክሰኞ በሚወጣው «ማይጎቭ» ጋዜጣና በየካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። እንደ ኬንያታና የኤልዶሬቱ ሞይ ያሉ ብሔራዊ ሪፈራል ሆስፒታሎች በካውንቲ ሥር ስላልሆኑ የራሳቸውን ቅጥር ራሳቸው ያወጣሉ። ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ከኦሮምኛ፣ ከሶማሊኛና ከአማርኛ ተናጋሪዎች ጋር የሚሠሩ ብዙ የግል ክሊኒኮች አሉ። እዚያው አካባቢ በ1926 የተመሠረተው የፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል ይገኛል፤ አዋላጅነት የሚወድ ነርስ እዚያ የሚያየው የወሊድ ዓይነት ሌላ ቦታ በቶሎ የሚገኝ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ቋንቋ ነው። የማንያታ ልጅ ቡርጂኛን ከቤት፣ ቦረንኛን ከገበያ፣ አማርኛን ከማዶ፣ ሶማሊኛን ከጎረቤት፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ይዞ ያድጋል። ራሱ ግን ይህን እንደ ችሎታ ቆጥሮ ሲቪው ላይ አይጽፈውም። ቦረንኛ ኢሲዮሎ ላይ ይሠራል፣ ጋርባ ቱላ ላይ ይሠራል፤ በጣና ወንዝ ካውንቲ ያሉት ኦርማዎችም የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ሶማሊኛ ዋጂርን፣ ጋሪሳንና ማንዴራን ይከፍታል። ሌሊት ምጥ ይዟት ከገጠር የመጣች፣ ስዋሂሊ የማትሰማ እናት አስቡ። የእንሽርት ውኃው መቼ እንደፈሰሰ፣ ደም አይታ እንደሆነ፣ በፊት በቀዶ ጥገና ወልዳ እንደሆነ በአስተርጓሚ መጠየቅና በራሷ ቋንቋ መጠየቅ አንድ አይደለም። አስተርጓሚው ባሏ ወይም አማቷ ከሆነ ደግሞ የማትናገረው ብዙ አለ። ይህን የሚያውቅ የቦርድ አባል፣ በቃለ መጠይቅ ላይ አራት ቋንቋ የምትናገር ነርስን በቀላሉ አያልፋትም።

በሰሜን ምሥራቁ በኩል የሰው ኃይል ችግሩ የታወቀ ነው። በኅዳር 2014 ማንዴራ አጠገብ አውቶቡስ ተጠልፎ 28 ተሳፋሪዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ከሌላ አካባቢ የመጡ ብዙ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች አካባቢውን ለቀዋል። በሚያዝያ 2019 ደግሞ ሁለት ኩባውያን ሐኪሞች ከዚያው ከተማ ታፍነው ተወስደዋል። አደጋውን አሳንሶ መናገር አይገባም፤ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ሊመክርበት የሚገባ ነገር ነው። ዋጂርና ጋሪሳ ከተማም ከማንዴራ ድንበር ጋር በአንድ ሚዛን አይታዩም። በእነዚህ አካባቢዎች ለመንግሥት ሠራተኛ ከደሞዝ በላይ የአስቸጋሪ ቦታ አበል ይከፈላል። የማርሳቢት ልጅ ሙቀቱንም፣ የውኃ እጥረቱንም፣ መንገዱንም ስለሚያውቀው ከሌላው ይልቅ የመቆየት ዕድል አለው።

ሚሲዮን ሆስፒታሎችም አይረሱ። ቅርብ የሆነው የሶሎሎ ሚሲዮን ሆስፒታል ነው፤ ራቅ ሲል ቾጎሪያ፣ ኪጃቤና ቴንዌክ አሉ። ደሞዛቸው ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ያነሰ ቢሆንም የማስተማር ልምዳቸው የቆየ ነው። በ1991 የተከፈተው ዳዳብና በ1992 የተከፈተው ካኩማ የስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች ነርስ ይቀጥራሉ። እዚያም ሶማሊኛና ኦሮምኛ፣ ካኩማ ላይ አማርኛም ጭምር፣ የዕለት ተዕለት የሥራ መሣሪያ ነው።

ቦታ ሲመረጥ ታዲያ በምን ይመዘን? ብዙ ተመራቂ በደሞዝ ይመዝናል። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሌሊት ተረኛ ስሆን ከጎኔ ማን አለ?

አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ማርሊን ክሬመር በ1974 ባሳተመችው መጽሐፍ አዲስ ነርሶች በትምህርት ቤት በተማሩትና በዋርድ በሚያገኙት መካከል ያለው ርቀት እንዴት እንደሚያስደነግጣቸውና ሙያውን እንደሚያስጥላቸው አሳይታለች። ፓትሪሻ ቤነር በ1984 ነርስ ከጀማሪ ወደ ባለሙያ የሚያድገው በአምስት ደረጃ መሆኑን፣ እድገቱም በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከእውነተኛ ሕመምተኛ ጋር በሚያልፍ ጊዜ መሆኑን ጽፋለች። በሞያሌ ቋንቋ ስንለው፣ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ገና ለብቻው ለመቆም አልደረሰም ማለት ነው።

አንድ ሌሊት እንውሰድ። ነፍሰ ጡሯ ደም ግፊቷ ወጥቶ አንቀጥቅጧታል፤ ማግኒዥየም ሰልፌት ተጀምሮላታል። ሁለተኛው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ ሦስት ነገር ታያለች። እናቲቱ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈሷን ትቆጥራለች፤ ጉልበቷን መታ አድርጋ እግሯ መልስ መስጠቱን ታረጋግጣለች፤ ሽንቷ ባለፉት አራት ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ትለካለች። አንዱ ከጎደለ መድኃኒቱ ይቆማል። ትንፋሽ ከቆመ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንን ሁሉ አዲሷ ነርስ በክፍል ተምራዋለች፣ በፈተናም መልሳዋለች። በእውነተኛው ሌሊት ግን ሌላ አልጋ ላይ ሕፃን ይጮኻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ወንድም ደጅ ቆሞ ይቆጣል። ያኔ «ቆይ፣ አብረን እንቁጠር» የምትላት አንዲት የቆየች ሲስተር መኖሯ በወር ከሚጨመር አሥር ሺህ ሽልንግ ይበልጣል። ለእናቲቱም ይበልጣል።

ስለዚህ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲባል ዝም ማለት አይገባም። ማለማመጃው ስንት ሳምንት ነው? በሌሊት ተራ ስንት ነርስ፣ ለስንት ሕመምተኛ? ዶክተሩ ግቢ ውስጥ ያድራል ወይስ በስልክ ይጠራል? ደህና መሥሪያ ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም።

ውሉንም ማንበብ ያስፈልጋል። በ2020 ለሁሉን አቀፍ የጤና ሽፋን ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች በሦስት ዓመት ኮንትራት ተቀጥረው፣ ቋሚ ለመሆንና እኩል ደሞዝ ለማግኘት ዓመታት የፈጀ ትግል ውስጥ ገብተዋል። በ2017 ደግሞ የኬንያ ነርሶች ለአምስት ወር ያህል ሥራ ያቆሙት ከካውንቲዎች ጋር በደሞዝና አበል ስምምነት ላይ በተነሳ ውዝግብ ምክንያት ነበር። ኮንትራት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለጀማሪ ልምድ ይሰጣል። ግን ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ይታደስ እንደሆነ፣ ጡረታ ይኑረው አይኑረው አውቆ መፈረም ይገባል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ደሞዝም እጅ የሚገባው አይደለም። ከግብሩ ሌላ ለማኅበራዊ ጤና መድኅን 2.75 በመቶ፣ ለቤቶች ልማት 1.5 በመቶ፣ ከዚያም የጡረታው ይቆረጣል። የቤት ኪራይ ሲታሰብ በተጣራው ደሞዝ ይታሰብ።

የካውንቲ ሥራ በገንዘብ አይሸጥም። «ስምሽ ወጥቷል፣ ፋይሉ እንዲንቀሳቀስ በኤምፔሳ ላኪ» የሚል ስልክ ከመጣ ሌባ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤ ሀገሮች እንልካለን የሚሉ ደላሎችም አዲስ ተመራቂዎችን ይከባሉ። የዚያ ሀገር ሆስፒታሎች ግን ከነርስ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ያለ ልምድ በነርስነት እንወስዳለን የሚል ሰው ከመጣ ከብሔራዊ የቅጥር ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ሥራ ነርስነት መሆኑን በዓይን ማየት ግድ ነው።

የቤተሰብ ነገር ይቀራል። ማንያታ ውስጥ ወንዱ ልጅ ወደ ናይሮቢ ቢሄድ ማንም አይደነቅም፤ ሴቷ ብቻዋን ቡንጎማ ወይም ክዋሌ ትሂድ ሲባል ግን ሽማግሌ ይሰበሰባል። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ቢሆንም ከቤት መራቅ ለነርስ ሴት አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያዋ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ የስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ በ1939 በነርስነት ተመርቃለች፤ በነርስነት መሥራት የጀመረችውም በሰው ሀገር ሆስፒታል ነው። ነፃነት ሲመለስ ሙያዋን ይዛ ሀገሯ ገባች። በ1942 ነቀምት ላይ ገና በ22 ዓመቷ ማረፏ ያሳዝናል፤ በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠርቷል። የንጉሥ ልጅ ሆና ከማያውቋት ሕመምተኞች አልጋ ሥር ሌሊት ቆማለች።

ዛሬ ከሞያሌ ናይሮቢ ያለው 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው። በከብት መኪና ላይ ተጭኖ ቀናት ይወስድ የነበረው ጉዞ በአንድ ቀንና ሌሊት ያልቃል። ልጅቷ ለቀብርም ለሰርግም ትደርሳለች።

ከባዱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ናቸው። አዲስ ተቀጣሪ በደሞዝ መዝገብ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ኪራይ፣ ምግብና ዩኒፎርም ግን አይጠብቁም። ሥራ አግኝተው በዚህ ምክንያት የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ ይህ ሊቀር የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ የማንያታ አባቶችና እናቶች፣ የእቁብና የእድር አባላት፣ ኢሲዮሎ፣ ጋሪሳ፣ ናኩሩ ወይም ኢስሊ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፦ ዘንድሮ ከሰፈራችሁ የተመረቀ ነርስ ካለ፣ ለሦስት ወር የሚያድርበት አንድ ክፍል ፈልጉለት፣ የመጀመሪያውን የአውቶቡስ ትኬት ቁረጡለት። ተመራቂዎችም ወረቀታችሁን በዚህ ሳምንት አሟሉ። ማይጎቭ የፊታችን ማክሰኞ ይወጣል።